ሳቁለት፣ ሳቁበት

ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ ከማክአርተር የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ አለ። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ሒሳብ ለመክፈል ተራ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት ድምፄን ሰምተው ለዩኝ። «አንተ የሬዲዮው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። ደስ አለኝ። ሬዲዮውን ካቆምኩ አራት ዓመት አልፎኛል፤ በድምፄ የሚለየኝ ሰው ብርቅ ሆኗል። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ስለ እኔ አልነበረም።

«ያ ልጅስ የት ገባ? ያ ‹ኧረ በሕግ!› የሚለው?»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ውሸቴን ነው። የት እንዳለ አውቃለሁ። ሬዲዮውን ለምን እንደተወም አውቃለሁ። እንጀራዬን ይዤ ስወጣ የከነከነኝ የእሳቸው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ መልሱ እንዴት ፈጥኖ ከአፌ እንደወጣ ነው። ለካ ስንት ዓመት ተዘጋጅቼበት ኖሯል።

ዝግጅታችን በሳምንት አንድ ሰዓት ነበር። ከአንድ ትንሽ ጣቢያ ሰዓት ተከራይተን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ለኦክላንድ፣ ለበርክሌይና ለሳን ሆዜ አካባቢ አበሾች በአማርኛ እናሰራጭ ነበር። የአገር ቤት ዜና፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ፣ የልቅሶና የሠርግ ማስታወቂያ፣ ዘፈን። ስቱዲዮው ቴሜስካል ውስጥ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ቴሜስካል የሚለው ስም ከናዋትል ቋንቋ የመጣ ሲሆን የላብ ማውጫ ቤት ማለት ነው፤ የእኛ ወሽባ እንደማለት። በበጋ ማሽኖቹ ሲግሉ፣ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእኛ ስቱዲዮ ነው እያልን እንስቅ ነበር።

እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ማሽኑን ይይዛል። ቀን ቀን የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። የድምፅ ነገር የተማረው ራሱን በራሱ ነው። ዘፈኑን መቼ ዝቅ፣ ድምፄን መቼ ከፍ እንደሚያደርግ ያውቅበታል። ከአገር ቤት በስልክ የምናገኘው እንግዳ መስመሩ ሲቋረጥበት፣ አድማጭ ሳይነቃ ሙዚቃ ያስገባል። እንግዶቹን የሚያፈላልገው፣ ቀጠሮ የሚይዘው፣ ሰዓት የሚጠብቀው እሱ ነው። የዚህ ሥራ ሕግ ቀላል ነው፦ ጥሩ ከሠራህ ማንም መኖርህን አያውቅም። ስምህ የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ መዝጊያው ሙዚቃ ከገባ በኋላ፣ በጥድፊያ ነው።

አንድ ማታ ማይክሮፎኑ ሳይዘጋ ቀረና፣ ባወራሁት ነገር ተገርሞ «ኧረ በሕግ!» ያለው ድምፅ አየር ላይ ወጣ። የሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰው ደውሎ ማነው እሱ አለን። እኔም ማይክሮፎን አዞርኩለት። እንዲህ ሆኖ ነው ከመስታወቱ ጀርባ የነበረው ሰው ሁለተኛው ድምፅ የሆነው።

መጀመሪያ ላይ እውነተኛ ጨዋታ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን መልኩ ተለወጠ። እሱ ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛውም የአገሩ ለዛ አለው። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። «የእኛ ባላገር» እያልኩ ማስተዋወቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ የወጣበትን ቀን አስወራዋለሁ። አንድ ቃል እንደ ሰፈሩ ሰው ሲጠራ አስቆመውና አስደግመዋለሁ። ሰው ይስቃል። እሱም ይስቃል። እኔ ይህን ለራሴ ፍቅር ነው እለው ነበር።

ይህን ዓይነት አሠራር እኔ አልፈጠርኩትም። በእንግሊዝ ሬዲዮ የታወቀ ልማድ ነው፤ ማሽን እንዲነካ የተቀመጠው ፕሮዲውሰር ቀስ በቀስ ወደ ወሬው ይጎተትና የዋናው ተናጋሪ ማጫወቻ ይሆናል። ከሁሉ የገነነው የካርል ፒልኪንግተን ታሪክ ነው። የማንችስተር ልጅ ነው። ኤክስ.ኤፍ.ኤም. በሚባለው የለንደን ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሪኪ ጀርቬስና ስቲቨን መርቻንት የሚያቀርቡትን ዝግጅት እንዲያዘጋጅ ተመደበ። አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ መለሰ። የመለሰበት መንገድ አሳቃቸውና ሌላ ጠየቁት። ብዙም ሳይቆይ ሰው ዝግጅቱን የሚከፍተው ካርል ምን አለ ለማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ በዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ድረ ገጽ በኩል ፖድካስት ጀመሩ፤ ብዙ ሰው ያወረደው ፖድካስት ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፈረ። ጀርቬስ በየሳምንቱ ጭንቅላቱ እንደ ብርቱካን ክብ ነው እያለ ይቀልድበታል፣ ሐሳቡን ሰምቶ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 «አን ኢዲየት አብሮድ» በሚል ርዕስ ዓለም እያዞሩ ፊልም ቀረጹት። «ጅሉ በውጭ አገር» እንደማለት ነው። ሰውዬው በዚህ ሁሉ ሀብትም ዝናም አገኘ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ፒልኪንግተን ተበደለ ወይስ ተጠቀመ? የእኔስ ጓደኛ?

አማርኛ እዚህ ላይ ከብዙ ቋንቋ ይልቅ ግልጽ ነው። ተፈረደለት፣ ተፈረደበት። መሰከረለት፣ መሰከረበት። ሳቁለት፣ ሳቁበት። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤ አንዱ ግን ሰውን ያቆማል፣ ሌላው ይጥላል። ቀልድ የሚያውቅ ሰው ሲቀልድ ይሳቅለታል። ሌላው ደግሞ ሳያስበው የሳቅ ዕቃ ይሆናል፤ ይሳቅበታል። የሳቁ ድምፅ ግን አንድ ነው። ሬዲዮ ላይ ቁጭ ብለህ ስታዳምጥ ለይተህ ልታውቀው አትችልም። አድማጩም፣ ቀልደኛውም አያውቀውም። «ለ» ይሁን «በ» የሚያውቀው የተሳቀው ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ቶማስ ሆብስ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌቪያታን» ውስጥ፣ ሳቅ የሚመጣው የሌላውን ጉድለት ዓይተን በድንገት ራሳችን ከፍ ያልን ሲመስለን ነው ይላል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ የማይጠቀሰው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ እንዲህ ያለው ሳቅ የሚበዛው በራሱ ጥቂት ችሎታ ብቻ በሚያገኝ ሰው ላይ ነው፤ ራሱን ለመውደድ የሌላውን ጉድለት ማየት ግድ ይሆንበታል። ሆብስ ሁሉንም ሳቅ እንዲህ ማየቱ ትክክል አይመስለኝም፤ ልጅ ሲያዩ የሚስቁት ሳቅ አለ፣ ከሞት ተርፈው የሚስቁት ሳቅ አለ። የእኔን ቅዳሜ ግን አግኝቶታል።

ምክንያቱም እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሠራበት ቦታ የምናገረው በሰው ቋንቋ ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ቃል አጣምሜ ስጠራ የሥራ ባልደረቦቼ ደግመው እንድጠራው ያደርጉኝ ነበር። በክፋት አይደለም። «ደስ ይላል» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቅዳሜ ማታ ማይክሮፎን ፊት ስቀመጥ ያደረግኩት ያንኑ ነው፤ ቃል በቃል ያንኑ። የሚሳቅበት ሰው ሆኜ ከሰነበትኩ በኋላ፣ በገዛ ቋንቋዬ ከእኔ በታች የሚቆም ሰው ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ደግሞ በአጠገቤ የነበረውን፣ ያመነኝን ሰው ነው። ስደት ይህን ያደርጋል ብዬ ልከላከል እችል ነበር። እሱ ግን እንደ እኔው ስደተኛ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ እሱም እንግሊዝኛ ሲያጣምም ይሳቅበት ነበር። እሱ ቅዳሜ ማታ በማንም አልሳቀም።

ቀልድ ሁሉ በደል ነው እያልኩ አይደለም። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን አይልም። ማሲንቆውን የያዘው ሰው ገና ከበር ስትገባ አቋምህን፣ ኪስህን፣ አብራህ ያለችውን ሴት ዓይቶ ይዘርፍብሃል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አንተ ደግሞ «ተቀበል!» ትላለህ። ስንኝህን ትሰጠዋለህ፤ በእሱው ላይ የተሰነዘረም ቢሆን ይቀበልሃል፣ በዜማው አሳምሮ ለቤቱ ሁሉ ያሰማልሃል። ስንኙ የአንተ፣ ዜማው የእሱ ነው። ቀልዱ ክብር የሚነካ ቢሆን እንኳ መንገዱ ወዲህም ወዲያም ክፍት ነው። የተነካ መልሶ ይነካል። በዚህ ምክንያት ነው ሰው ከአዝማሪ ቤት ተሰድቦ፣ ደስ ብሎት፣ ከፍሎ የሚወጣው።

«ተቀበል» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ነገር ይዟል። የእኛ ባህል ብቻውን የሚናገር ሰው አያውቅም። ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ካልተሟሉ አይገባም፤ ካህኑ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን ብቻውን ቆሞ አይቀድስም። ተራ ወሬ እንኳ ሲወራ አድማጩ «እህ» እያለ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ «አዎ» እያለ ያስኬደዋል፤ እሱ ዝም ካለ ተናጋሪው «እየሰማኸኝ ነው?» ብሎ ያቆማል። የሸገሯ መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» ላይ የምታደርገውን የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። የዝግጅቱ ባለቤት እሷ ናት፤ ግን ራሷን ሁለተኛ ድምፅ ታደርጋለች። አጭር ጥያቄ ትጥላለች፣ ትቀበላለች፣ ትጠብቃለች፤ እንግዳው በዚያ ውስጥ ሕይወቱን ይተርካል። መቀበል ያነሰ ሥራ አለመሆኑን ከእሷ የተሻለ ያሳየ የለም። በመድረክ ቀልድም ቢሆን ደረጀና ሀብቴ የሚባሉት ስሞች ለብዙዎቻችን አንድ ስም ናቸው፤ ማን አቀባይ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ ለይቶ የሚቆጥር አልነበረም።

የእኔ ጥፋት እንግዲህ መቀለዴ አይደለም። መንገዱን በአንድ ወገን መዝጋቴ ነው። ስለ እሱ አነጋገር እቀልዳለሁ፤ አንድ ቀን እሱ ስለ እኔ አዲስ አበቤነት መለስ አድርጎ ሲነካኝ ወደ ማስታወቂያ አለፍኩ። አስታውሳለሁ። የሚገርመው ደግሞ ማስታወቂያውን የሚያስገባው እሱ ነው፤ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ አስገባው። የገዛ መልሱን በገዛ እጁ አስቆረጥኩት።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ከዚሁ ከምንኖርበት አካባቢ ይጀምራል። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ቻርልስ ሄሮልድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 በሬዲዮ ድምፅ ማሰራጨት ጀመረ። በዓለም ቀደምት ከሚባሉት የሬዲዮ ጣቢያዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ኬ.ሲ.ቢ.ኤስ. ዘሩን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። ሄሮልድ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ማሽኑን አብሮት የሚያንቀሳቅስ፣ ማይክሮፎኑ ላይም የሚናገር ሬይ ኒውቢ የሚባል የ16 ዓመት ተማሪ ነበር። ባለቤቱ ሲቢል ደግሞ ከሙዚቃ ሱቅ ሸክላ እየተዋሰች ለወጣቶች ታጫውት ነበር። ታሪክ ሲጻፍ የተጻፈው «ሄሮልድ» ተብሎ ነው። ኒውቢ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጨዋታ ላይ ቀረበ። የዝግጅቱ ስም «ምስጢር አለኝ» ነው፤ ተጋባዡ የሚደብቀውን ነገር ጠያቂዎቹ ይገምታሉ። የኒውቢ ምስጢር በልጅነቱ በሬዲዮ ሙዚቃ ማጫወቱ ነበር። ከ56 ዓመት በኋላ ሥራው የሚገመት እንቆቅልሽ ሆኗል።

ሄሮልድም ቢሆን አልተረፈም። ጣቢያው ከእጁ ወጣ፤ በስተርጅና እዚሁ ኦክላንድ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በአረጋውያን መጦሪያ ሞተ። ይህን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም። የመጀመሪያው ድምፅ መሆን ዋስትና አይደለም ለማለት ነው። ዛሬ የምናንቀው ቦታ ነገ የምንቀመጥበት ነው። እኔም ዛሬ እንጀራ ሱቅ ውስጥ የምታወቀው «የዚያ ልጅ ጓደኛ» ተብዬ ነው።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። እንደ ሁልጊዜው ቀድሞኝ መጥቶ ሁሉን አዘጋጅቷል። ሰላምታችን ደህና ነበር። ቀይ መብራቱ በራ፤ እኔ ጀመርኩ። የተለመደውን ጣልኩ፣ «የእኛ ባላገር ሳምንቱን እንዴት አሳለፈ?» አልኩ። «ደህና» አለ። ሌላ ጣልኩ። ዝም። በመስታወቱ ዓየሁት፤ ዓይኑ ማሽኑ ላይ ነው። ዘፈኑን በሰዓቱ አስገባ፣ ስልኩን በሰዓቱ አገናኘ፣ አንዲት ስሕተት የለበትም። ሁለተኛው ድምፅ ግን የለም። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ የራሴን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ቀልዴ መሬት ላይ ይወድቃል። ፍጥነቴ ጠፋ፤ የት ቆሜ የት እንደምቀጥል አላውቅም። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ «የእኔ አነጋገር» የምለው ግማሹ የእሱ ኖሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ደውሎ ሌላ ሰው እንድፈልግ ነገረኝ። ሌላ ሰው አገኘሁ፤ ጥሩ ባለሙያ። ዝግጅቱ ግን ዓመት አልሞላም፣ ተዘጋ።

ወዳጆቼ ሲያጽናኑኝ የሚሉትን አውቃለሁ። ሙሉ ሰው ነው፣ አልተገደደም፣ አብሮ ይስቅ ነበር፣ ከደበረው ለምን አልተናገረም? ይህ ክርክር ለፒልኪንግተን ሊሠራ ይችላል። እሱ የተሳቀበት በሐሳቡ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ የራሱ ነው፣ ሰዓቱ ሁሉ የሚሰጠው ለሐሳቡ ነው። አልስማማም ይላል፣ ይከራከራል፣ ያጉረመርማል፤ ማጉረምረሙም አየር ላይ ይወጣል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2018 «ሲክ ኦቭ ኢት» የሚባል የራሱን ተከታታይ ድራማ ሠራ፤ እዚያ ውስጥ ራሱንም፣ በራሱ ውስጥ የሚያናግረውን ድምፅም የሚጫወተው እሱ ነው። ርዕሱ «ጅሉ» የሚል መሆኑ አሁንም ይጎረብጠኛል። ግን በሩ ክፍት ነበር፤ ወጣበት።

የእኔ ጓደኛ የተሳቀበት በሐሳቡ አይደለም፤ በአፉ ነው፣ እናቱ ባስተማረችው አነጋገር። በዚያ ላይ አልስማማም ማለት አይቻልም። ምን ብለህ ትከራከራለህ? በምን ቋንቋ? ፈቃድ ሰጥቷል ማለትም ከባድ ነው፤ ሰው በሚስቅበት መሀል ያልሳቀ ሰው ኩሩ ይባላል፣ ጨዋታ አያውቅም ይባላል። አብሮ መሳቅ ብዙ ጊዜ ፈቃድ ሳይሆን መከላከያ ነው። እኔ ስብሰባ ላይ እንደማደርገው።

ሌላም አለ። ድምፄ ያለው በእሱ ጣት ስር ነበር። በማንኛውም ደቂቃ ሊዘጋኝ ይችል ነበር፤ አንድም ቀን አላደረገውም። ሥልጣን የእኔ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ሌላውን ዝም ማሰኘት የሚችለው እሱ ነው። የሚችለውን አላደረገም። እኔ የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» የሚሉት አባቶች የቀልድን ክፋት ብቻ አይመስለኝም ያዩት፤ ማቆም አለመቻሉን ነው።

ከእማማ ጥያቄ በኋላ ሳምንት ቆይቼ ደወልኩለት። ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አገር ቤት ዜና አወራን። በመጨረሻ ያሰብኩትን ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰማኝ። «ተወው፣ ያለፈ ነው» አለኝ። ይህን ልጽፈው አስቤያለሁ፣ በስምህ ልጻፈው? አልኩት። «ስሜን ተወው» አለ። «ግን ከማውጣትህ በፊት አንብብልኝ።»

አነበብኩለት። ሁለት ቦታ አረመኝ። እኔ አምስት ዓመት ብዬ ጽፌ ነበር፤ ስድስት ነው አለ፣ ትክክል ነው። ሁለተኛው ስለዚያች ቅዳሜ ነው። «ተናድዶ ዝም አለ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «ተናድጄ አልነበረም» አለ። «ደክሞኝ ነበር። ያን ቀን ደግሞ ልጄ መኪና ውስጥ ሆና ትሰማን ነበር።»

የመጀመሪያውን አስተካከልኩ። ከሁለተኛው «ተናድዶ» የሚለውን አወጣሁ፤ ሌላውን እሱ በተናገረው ቃል እዚህ አስቀምጬዋለሁ። እማማን እንደገና ካገኘኋቸው፣ ሥራ በዝቶበት አይደለም እላቸዋለሁ።